ካዛንቺስ በታኅሣሥ ማታ፦ ገና ሳይደርስ መብራቱ ለምን ይበራል?

ሰሞኑን ማታ በካዛንቺስ በኩል ያለፈ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የሆቴሎቹ መግቢያ ላይ ዛፍ ቆሟል። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ሎቢ ውስጥ የፈረንጅ የገና ዜማ ተከፍቷል። ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ምግብ ቤት ግን የጾም በያይነቱ በሚበሉ ሰዎች ተሞልቷል። ምክንያቱም ገና ገና አልደረሰም!

ዛፉ ቆሟል፣ ጾሙ ግን አልተፈታም። ስልካችን ላይ "ሜሪ ክሪስማስ" እየተባለ፣ እናታችን ወጥ ቤት ሽሮ ታማስላለች። ብዙዎቻችን ይሄን ለምደነው ስላደግን አይገርመንም። ግን ለምንድነው እንዲህ የሆነው? መብራቱን ማነው የሚያበራው? ለማንስ ነው የሚያበራው? ለመውጣት ካሰባችሁስ ምን ማወቅ አለባችሁ? አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ ቀኑን እናጥራ

ኢትዮጵያ ውስጥ ገና ታኅሣሥ 29 ይከበራል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ማለት ነው። የእነሱ ዲሴምበር 25 ደግሞ በእኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል።

ብዙ ሰው ልዩነቱ የሃይማኖት ክርክር ውጤት ይመስለዋል። በዋናነት ግን የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። የድሮው የዩልየስ አቆጣጠር በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፣ አለቀ። ይሄ ግን ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በትንሹ ይበልጣል። ትንሽ በትንሽ ሲጠራቀም ቀኖቹ ከወቅቶቹ ጋር መሄድ አቃታቸው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን አሻሻሉ። 10 ቀን በአንዴ ተዘለለ፤ ከዚያ ወዲህም በ400 ዓመት ውስጥ 3 ቀን እንዲቀነስ ተደረገ።

የእኛ አቆጣጠር ግን እንደ ድሮው በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 እያደረገ ቀጠለ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ሄዶ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ዲሴምበር 25 ላይ 13 ቀን ጨምሩበት፤ ጃንዋሪ 7 ላይ ትደርሳላችሁ። ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ ገና በ4 ዓመት አንዴ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ይሄ የሚሆነው ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ ነው። 2016 ላይ እንዲህ ነበር፤ 2020 ላይም እንዲሁ ይሆናል። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. 2100 ላይ ፈረንጆቹ የሚዘሉት ቀን ስላለ ክፍተቱ ወደ 14 ቀን ያድጋል። ከ2101 ጀምሮ የእኛ ገና ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል ማለት ነው። ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሩልን።

በአንድ ወቅት ሦስት ዋዜማ

በሌላ ዓለም ያለ ከተማ አንድ የገና ዋዜማ አለው። አዲስ አበባ መሀል ላይ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ትልልቅ ማታዎች ይደራረባሉ።

የመጀመሪያው የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ነው፤ በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 15 ማታ። ሁለተኛው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 22 ማታ። ሦስተኛው የእኛ ገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28 ማታ።

ለሆቴል፣ ለሙዚቃ ባንድ፣ ለዲጄ፣ ለዲኮር ሠሪ፣ ለፎቶ አንሺ፣ ለኬክ ቤት ይሄ ማለት ሦስት የሥራ ማታ ነው። ስለዚህ ዛፉን አንዴ ካቆሙት ለሦስቱም ያገለግላል። ለአንድ ማታ ብቻ ብር ከማውጣት ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ አቁሞ እስከ ጥር ድረስ መጠቀም ያዋጣል። መብራቱ ቀድሞ የሚበራበት አንዱ ምክንያት ይሄ ቀላል ሒሳብ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የነቢያት ጾም አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከኅዳር 15 ጀምረው እስከ ገና ዋዜማ፣ ከ40 ቀን በላይ ይጾማሉ። ስለዚህ የፈረንጆቹ ሁለት ዋዜማዎች ሁሌም ጾም ውስጥ ይወድቃሉ። ታኅሣሥ 15 ማታ ሥጋ የሞላው ቡፌ የሚዘጋጀው አብዛኛው የከተማው ሰው ሥጋ በማይበላበት ሰሞን ነው። ሆቴሎችም ይሄን ስለሚያውቁ ብዙ ጊዜ የጾም ምግብ ጎን ለጎን ያቀርባሉ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትወጡ ግማሹ ጾመኛ ከሆነ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ማታ ደርሳችሁ ሩዝና ሰላጣ ብቻ መብላት ደስ አይልም።

ለምን በተለይ ካዛንቺስ?

ስሟ ራሱ ታሪክ ይናገራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933) የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ተቋም ነበር። "ካዛ ኢንቺስ" ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው አፍ ላይ ሲዞር ሲዞር ካዛንቺስ ሆነ። እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለችው ፖፖላሬም እንደዚሁ ናት፤ "ካዛ ፖፖላሬ" ከሚለው ከጣሊያንኛው የመጣች። ክፍለ ከተማው ራሱ ግን ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ነው፤ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕት ከሆነው ሕፃን።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሰፈሩ ሌላ ዕድል ገጠመው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ መቀመጫውም አዲስ አበባ ሆነ። በ1961 አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተመሠረተ። በ1969 ደግሞ ሒልተን ተከፈተ። የሒልተን መዋኛ ገንዳ በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የመስቀል ቅርጽ የተሠራ መሆኑንስ ታውቁ ነበር?

ዲፕሎማት፣ የድርጅት ሠራተኛ፣ ተሰብሳቢ፣ ጋዜጠኛ በአንድ አካባቢ ተሰበሰበ። እነዚህ ሰዎች ዲሴምበር 25ን የሚያከብሩ ናቸው። ከአገራቸው ርቀው ስለሆኑ ደግሞ በዓሉን የሚያከብሩበት ቦታ ይፈልጋሉ። ሆቴሎቹ ይሄን ፍላጎት አዩ። ዛፍ አቆሙ፣ የልጆች መዘምራን ጋበዙ፣ ዛፉን "የማብራት ሥነ ሥርዓት" አዘጋጁ። ቁልፉ ይጫናል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ትኩስ ነገርና ኩኪስ ይቀርባል። የዲፕሎማት ባለቤቶች ማኅበርም በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አካባቢ የበጎ አድራጎት ባዛር ያዘጋጃል፤ ኤምባሲዎች የአገራቸውን ምግብና ዕቃ ይሸጣሉ፣ ገቢው ለእርዳታ ይውላል።

ቀስ በቀስ ሀበሻውም ገባበት። መጀመሪያ ቢሮው እዚያ የሆነ፣ ከዚያ ልጆቹን ፎቶ ሊያስነሳ የመጣ፣ ከዚያ ሁላችንም። ዛሬ ከካዛንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ሎቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ወረፋ ይዞ ፎቶ የሚነሳው በብዛት የከተማው ወጣት ነው።

ዛፉ ግን ከየት መጣ?

ዛፍ አስጊጦ ቤት ውስጥ ማቆም በ16ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ በጀርመን የተስፋፋ ልማድ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ታዋቂ የሆነው ደግሞ ጀርመናዊ ባል ባገባችው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ቤተሰቡ ዛፍ ከብቦ የሚያሳይ ሥዕል በለንደን ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ማድረግ ጀመረ። የዛሬ "ትሬንድ" ማለት እኮ ይሄ ነው፤ ያኔ ኢንስታግራም ስላልነበረ በጋዜጣ ሆነ እንጂ።

ድሮ ዛፉ ላይ ሻማ ነበር የሚለኮሰው፤ ቤት ያቃጥልም ነበር። በ1882 የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረ ኤድዋርድ ጆንሰን የተባለ ሰው ኒውዮርክ ቤቱ ውስጥ ዛፍ በኤሌክትሪክ አምፖል አስጌጠ። በኒውዮርክ ሮክፌለር ሴንተር የሚደረገው ትልቁ ዛፍ የማብራት ሥነ ሥርዓት በ1933 ተጀመረ። ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ የሚቆመውን ዛፍ ደግሞ ከ1947 ጀምሮ ኖርዌይ በየዓመቱ በስጦታ ትልካለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ላደረገችላት ድጋፍ ምስጋና ነው። የካዛንቺስ ሎቢዎች ዛፍ የእነዚህ የልጅ ልጅ ነው።

ታዲያ የእኛ የገና ምልክት ምንድነው? ሽማግሌ ብትጠይቁ ዛፍ አይሉም። የገና ጨዋታ ይሏችኋል። ቆልማማ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ክብ ሩር፣ ሁለት ቡድን፣ ሰፊ ሜዳ። አዲስ አበባ ውስጥ ጃንሜዳ በዚህ ጨዋታ ይታወቅ ነበር። በጨዋታው ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ቢመታህም፣ ቢሰድብህም አትቆጣም። ለዚያ አንድ ቀን ትልቁ ሰው እንደ ትንሹ ይሆናል። ይሄን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባዛሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሆቴል ለማይገባው ሰው የገና ሰሞን ማታ ማለት ለዓመታት አንድ ቦታ ነበር፤ መስቀል አደባባይ ያለው ኤግዚቢሽን ማዕከል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ባዛር ይዘጋጃል። ቀን ዕቃ፣ ማታ ኮንሰርት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ከጀርባ ያለውን አሠራር ነው። ማዕከሉ የበዓል ባዛሩን ራሱ ከማዘጋጀት ይልቅ ለአዘጋጅ ድርጅቶች በጨረታ ይሰጣል። ያሸነፈው ድርጅት ለቦታው ብዙ ብር ይከፍላል። ከዚያ ያንን ብር በሦስት መንገድ ይመልሳል። ቦታውን ሸንሽኖ ለነጋዴ ያከራያል። መግቢያ ትኬት ይሸጣል። ስፖንሰር ያፈላልጋል።

አሁን ኮንሰርቱ ለምን እንዳለ ይገባችኋል። ነጋዴው የሚከራየው ሰው ካለ ነው፤ ስፖንሰሩም እንደዚያው። ሰው ደግሞ ማታ ከሥራ ወጥቶ ለመጋረጃና ለምጣድ ብቻ አይመጣም። ዘፋኝ ካለ ይመጣል። ስለዚህ ድምፃዊው ሰው የሚጠራ ደወል ነው።

ይሄ ለእኛ ምን ማለት ነው? "ባዛር ነው፣ ርካሽ ነው" ብሎ መደምደም አያዋጣም። ነጋዴው የቦታውን ኪራይ ዕቃው ላይ ሊጨምረው ይችላል። የምትፈልጉትን ዕቃ ዋጋ መርካቶ ወይ ሰፈራችሁ ካለ ሱቅ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከአምራቹ በቀጥታ የሚሸጥ ነገር፣ ለምሳሌ ማር፣ ቅመም፣ የሸማ ልብስ፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይገኛል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ደግሞ ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ መመለስ ስለማይፈልግ መከራከር ይቻላል።

"ፕላስ ፕላስ" የምትለዋ ነገር

ሆቴል ለመግባት ያሰባችሁ ይቺን ሳታነቡ እንዳትወጡ። ፖስተሩ ላይ ዋጋው ተጽፎ አጠገቡ ሁለት የመደመር ምልክት ካለ፣ ያ ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። አንዱ መደመር የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ብዙ ሆቴሎች 10 በመቶ ያስከፍላሉ። ሁለተኛው መደመር ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 15 በመቶ ነው።

በምሳሌ እንየው። ዋጋው 1,000 ብር ፕላስ ፕላስ ነው እንበል። 10 በመቶ ሲጨመር 1,100 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ሲሰላ 1,265 ብር። 4 ጓደኛሞች 4,000 ብር ይዛችሁ ብትሄዱ ሒሳቡ 5,060 ይመጣል። 1,060 ብር ጎደለ ማለት ነው፤ ያውም መመለሻ ታክሲ ሳይታሰብ። "ዋጋው ሁሉን ያጠቃልላል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጠይቁ።

ካዛንቺስ ራሷ ተቀይራለች

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ዛሬ ካዛንቺስ የምትሄዱ ከሆነ የምታዩት መብራት የሆቴል ብቻ አይደለም። መንገዱ ራሱ ያበራል።

በ2017 መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ወደ ኮሪደር ልማቱ ገባች። በአጭር ጊዜ ውስጥ የድሮዎቹ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎች ገላን ጉራን ጨምሮ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። በቦታው ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ፣ አረንጓዴ ቦታ፣ በመስመር የተተከለ መብራት መጣ። የከተማው አስተዳደርም በዚያው ዓመት በኮሪደር መንገዶች ላይ ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ድረስ ክፍት እንዲሆኑ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። መስቀል አደባባይም ቀደም ብሎ በ2013 ታድሶ ትልልቅ ስክሪኖች ተተክለውበታል።

ውጤቱን ማታ ወጥቶ ማየት ይቻላል። ትኬት ሳይገዛ፣ ቡና ሳያዝ፣ ዘበኛ ሳይጠይቀው በብርሃን መሀል የሚንሸራሸር ሰው አለ። ልጅ አዝሎ የሚሄድ አባት፣ ትምህርት ቤት የጨረሱ ሴቶች ልጆች፣ ስልክ ተቀባብለው ፎቶ የሚነሱ ጓደኛሞች። ድሮ የበዓሉ መብራት ያለው ከሆቴሉ በር ወዲያ ነበር። አሁን ከበሩ ወዲህም አለ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በተለይ ለሴቶች፣ ማታ የበራ መንገድ ላይ መሄድና ጨለማ ውስጥ መሄድ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ግን ካዛንቺስ ከዚህ በፊትም ማታ ነበራት። ቁርጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ትንንሽ ቡና ቤቶች፣ አዝማሪ ቤቶቹ። የአዲስ አበባ የማታ ሕይወት ሲነሳ ካዛንቺስ ሳትጠራ አትቀርም ነበር። ከአዝማሪ ቤቶቹ መሀል እስከ መጨረሻው የቆየው ፈንዲቃ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ እዚያው ቤት እየተወዛወዘ ጀምሮ፣ በኋላ ቤቱን ተረክቦ፣ ሙዚቃ፣ ሥዕልና ግጥም የሚቀርብበት የባህል ማዕከል አደረገው። ከውጭ የሚመጡ ሙዚቀኞችና የሰፈሩ ልጆች አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጡ ነበር። ካዛንቺስ ስትፈርስ ፈንዲቃም ቤቱን ለቀቀ፤ ከዚያም መድረኩን መስቀል አደባባይ ወዳለው ሃያት ሬጀንሲ ሆቴል ወሰደ።

እስቲ አስቡት። አዝማሪው ሆቴል ገባ፣ መብራቱ መንገድ ወጣ። ቦታ ተለዋወጡ።

ሌላም አለ። ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ ልጅ ድሮ የዛፍ ማብራት ፕሮግራም ለማየት ከቤቱ ሮጦ ይደርስ ነበር። ዛሬ ገላን ጉራ ከሆነ የሚኖረው፣ ያንኑ መብራት ለማየት ታክሲ ይይዛል፤ መመለሻውንም ሰዓት እያየ ያስባል። የአንዳንዱ ሰው ምሽት የሚያልቀው ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሳይሆን የመጨረሻው ታክሲ ሲሄድ ነው። መብራቱ የሁሉም ነው ስንል ይሄንንም አብረን እንቁጠር። የከተማ በዓል ነጻ የሚሆነው መግቢያው ነጻ ሲሆን ብቻ አይደለም፤ ደርሶ መመለስም ሲቻል ነው።

ሌላኛው ማታ

ከሦስቱ ዋዜማዎች አንዱ ትኬት የለውም፣ ዲጄ የለውም፣ ፕላስ ፕላስም የለውም። ታኅሣሥ 28 ማታ መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ከካዛንቺስ ወረድ ብሎ ያለው ቅዱስ ዑራኤል፣ ወይም ራሱ ቅዱስ ቂርቆስ ሂዱ። ነጠላ የለበሰ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ጧፍ ይበራል። ከበሮና ጸናጽል ይሰማል። ማኅሌቱ ቆይቶ ቅዳሴው ይከተላል፤ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ሰው እየተቃቀፈ "እንኳን አደረሳችሁ" ተባብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዶሮው ተሠርቶ ይጠብቃል። ላሊበላ ደግሞ በዚያው ሌሊትና ማለዳ ከየአገሩ የመጣ ምእመን ቤተ ማርያም ዙሪያ ቆሞ ያከብራል።

የከተማዋ የመጀመሪያው የገና ምሽት ይሄ ነው። ከሆቴሉ ዛፍም፣ ከባዛሩም፣ ከኮሪደሩም በፊት ነበር። ፎቶ ማንሳት ካሰባችሁ ግን ሰው ሲጸልይ ፊቱ ላይ ፍላሽ አታብሩ።

ለመውጣት ላሰባችሁ

ልብስ ደርቡ። ታኅሣሥ በጋ ቢሆንም አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ማታ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ለፎቶ ብላችሁ በቲሸርት ወጥታችሁ ሳምንቱን በጉንፋን አትተኙ።

ትኬት ከማታውቁት የቴሌግራም አካውንት አትግዙ። ብሩን በቴሌብር ከላካችሁ በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው። ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩ ስም የአዘጋጁ መሆኑን እዩ። የገዛችሁት ትኬት ኪው አር ኮድ ካለው ስቶሪ ላይ አትለጥፉት፤ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ስካን አድርጎ ሊገባ ይችላል።

መመለሻችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ወስኑ። ኮንሰርት ሲያልቅ ሁሉም ሰው በአንዴ ራይድና ፈረስ ስለሚጠራ ዋጋውም ይጨምራል፣ መኪናም አይገኝም። ወይ ከማለቁ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ፣ ወይ ከግርግሩ ራቅ ብላችሁ ጥሩ። የስልካችሁን ባትሪ ለመመለሻ አስቀሩ።

ሰው በተጨናነቀበት ስልክ በኋላ ኪስ አይቀመጥም። ስትገቡ መውጫ በሮቹ የት እንደሆኑ እዩ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሰው ሲበዛ ኔትወርክም ይደክማል።

ቤት ውስጥ ዛፍ የምታበሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው የመብራት ገመድ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ጽሑፉን አንብቡ። አንድ ማከፋፈያ ላይ ምድጃና ዛፍ አብራችሁ አትሰኩ። ስትተኙ ንቀሉት።

እና መብራቱ የማነው?

ቅድም ያዙልኝ ያልኩት የገና ጨዋታ ነበር። ያ ጨዋታ የተወደደው ዱላው ስላማረ አልነበረም። ለአንድ ቀን ጌታውም ሎሌውም አንድ ሜዳ ላይ ስለሚውሉ ነው።

ካዛንቺስ ዛሬ ሜዳውን አግኝታለች። መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ ማንም ገብቶ ይሄዳል። የቀረው ሰዉ ነው። ዘንድሮ ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ድሮ ካዛንቺስ ይኖር የነበረ ጓደኛ ወይ ዘመድ ካላችሁ ደውሉለት። "ና አብረን እንዙር" በሉት። የት ጋር ቤታቸው እንደነበረ፣ የትኛው ጥግ ላይ ኳስ ይጫወት እንደነበረ ያሳያችሁ። ከሆቴሉ ዛፍ ሥር ከምትነሱት ፎቶ ይልቅ ያቺ ወሬ ሳትቆይ አትቀርም። ሲመሽ ደግሞ ታክሲውን ተጋሩለት።

ለምትጾሙ መልካም ጾም፣ ለምታከብሩ መልካም በዓል። እናንተስ የገና ሰሞን ማታ የት ነው የምታሳልፉት?